ራውተሩን ከመለወጥዎ በፊት ገመዱን ይመልከቱ፦ በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ 94 ስለሚያሳይ ኮምፒውተር

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው። የ1 ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚያሳልፍ፣ የፋይበር መስመር አስገብተዋል፤ በካርቶኑ ላይ «ጊጋቢት» ተብሎ የተጻፈበት አዲስ ራውተርም ገዝተዋል። ይሁንና በሥራ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት በገመድ የተገናኘው ኮምፒውተር ፍጥነቱ ሲለካ 94 ሜጋቢት በሰከንድ ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም፤ ሳሎን ውስጥ ሆነው በስልክዎ በዋይፋይ ሲለኩ ግን 410 ያገኛሉ። አገልግሎት ሰጪው በመስመሩ ላይ ችግር እንደሌለ ነግሮዎታል፤ እርስዎም ራውተሩን ውድ በሆነ ሌላ ልለውጠው ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አሁን አይለውጡት። ስልክዎ 410 ያገኘው በዚያው መስመርና በዚያው ራውተር በኩል በመሆኑ፣ መስመሩም ራውተሩም ቢያንስ ይህን ያህል ማሳለፍ እንደሚችሉ ስልኩ ራሱ መስክሮልዎታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን 94 ላይ የሚያስቆመው ነገር የሚገኘው ከራውተሩ ጀርባ ተነሥቶ ኮምፒውተሩ ድረስ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። የኮምፒውተሩ 94 እና የስልኩ 410 ምክንያታቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንድ ላይ ደርበው ካዩዋቸው ራውተሩ ጥፋተኛ ይመስልዎታል፤ ለየብቻ ሲያዩዋቸው ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልስ ያገኛሉ።

በመጀመሪያ ስለ 94። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም፤ አሻራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በኔትወርክ ገመድ ሁለቱን ጫፍ የያዙት መሣሪያዎች በ100 ሜጋቢት ለመነጋገር ሲስማሙ፣ ከዚያ ላይ መረጃውን ለማሸግና አድራሻ ለመጻፍ የሚውለው ሲቀነስ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 94 ወይም 95 ነው። መስመሩ ቢጨናነቅ ወይም ራውተሩ ቢደክም ኖሮ ቁጥሩ አንዴ 230፣ አንዴ 380 እያለ ይዋልል ነበር፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መቆሙ ግን የገመዱ ግንኙነት በ100 እንደተመሠረተ ያረጋግጣል።

ለምን በ100 እንደተመሠረተ ለመረዳት የገመዱን ውስጥ ማወቅ ይጠቅማል። የኔትወርክ ገመድ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ማለትም 4 ጥንዶች አሉት። የቀድሞው የ100 ሜጋቢት ኤተርኔት (መሣሪያዎች በኔትወርክ ገመድ የሚነጋገሩበት አሠራር) የሚጠቀመው በ2 ጥንዶች ብቻ ነው፤ የቀሩት 4 ሽቦዎች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። በ1999 የጸደቀው በመዳብ ገመድ የሚሄደው ጊጋቢት ኤተርኔት ግን በ4ቱም ጥንዶች ላይ በእያንዳንዳቸው 250 ሜጋቢት፣ ያውም በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይልካል። ስለዚህ ከ8ቱ ሽቦዎች አንዷ እንኳ ከተቋረጠች ጊጋቢት አይሠራም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ይህን ሲያዩ ግንኙነቱን አያቋርጡም፤ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳዩ ወደ 100 ዝቅ ይላሉ፤ መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ስንት ሰው ለጊጋቢት እየከፈለ ለዓመታት በ100 እንደሚጠቀም ሳስብ የሚቆረቁረኝ ይህ ዝምታ ነው።

ግምቱን ለማረጋገጥ ደቂቃ አይፈጅብዎትም። በዊንዶውስ 11 የሴቲንግ ገጽ ላይ ኔትወርክ የሚለውን፣ ቀጥሎም ኤተርኔት የሚለውን ሲከፍቱ «ሊንክ ስፒድ» (የግንኙነቱ ፍጥነት) የሚል መስመር ያገኛሉ፤ 100/100 የሚል ከሆነ ነገሩ አበቃ፣ ችግሩ ገመዱ ላይ ወይም በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ነው። 1000/1000 የሚል ከሆነ ግን ተሳስቻለሁና ወደ ታች ዘልለው ስለ ራውተሩ የጻፍኩትን ያንብቡ።

ከዚያ ላፕቶፕ ካለዎት ወደ ራውተሩ ይውሰዱትና ከራውተሩ ጋር በካርቶን በመጣው አጭር ገመድ ያገናኙት። 1000 ካሳየና ፍጥነቱም ከ900 በላይ ከወጣ፣ ከራውተሩ እስከ ሥራ ክፍልዎ ያለው ገመድ ወይም ሶኬት ጥፋተኛ ነው። ይህች ትንሽ ሙከራ ከማንኛውም ምክር ትበልጣለች፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ስለምትተወው መልሷ አያሻማም።

አሁን የገመዱን ጫፍ በእጅዎ ይያዙት። ጫፉ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች፣ የነሐስ ቀለም ያላቸውን ጥርሶች ወደ ላይ አድርገው ገመዱ ወደ እርስዎ እንዲመጣ ሲይዙት፣ በአብዛኛው ከግራ ወደ ቀኝ የሚያዩት ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። በ100 የሚሠሩት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እና 6ኛዎቹ፣ ማለትም ብርቱካናማውና አረንጓዴው ጥንድ ናቸው። እንግዲህ በእርስዎ ሁኔታ መጠርጠር ያለብዎት ሰማያዊውንና ቡናማውን ነው። ፕላስቲኩ ግልጽ ስለሆነ በእጅ ባትሪ ብርሃን ፊት ለፊቱን ሲያዩት የ8ቱም ሽቦዎች መዳብ ጫፍ እስከ ፕላስቲኩ ፊተኛ ግድግዳ ድረስ ደርሶ ሊታይዎት ይገባል። እኔ በአንድ ቤት ያገኘሁት ቡናማዋ ሽቦ ከሌሎቹ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አጥራ ጥርሱ ሥር ሳትደርስ የቀረች ነበረች፤ የቀድሞው መስመራቸው ከ100 በታች ስለነበረ ለብዙ ጊዜ ማንም አላስተዋላትም፤ ጫፉን ቆርጠን እንደገና ስናስረው ግን ግንኙነቱ ወዲያውኑ ወደ 1000 ወጣ።

ጫፉ ደህና ከሆነ የግድግዳውን ሶኬት ክዳን ይክፈቱ። እዚያም ሽቦዎቹ ወደየጥርሳቸው በትክክል ተጭነው መግባታቸውን፣ ቀለሞቹም በሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይመልከቱ። ከአንድ ገመድ ሁለት ሶኬት ለማውጣት ሲባል 4ቱ ሽቦዎች ለአንዱ፣ 4ቱ ለሌላው ተከፋፍለው የተሠሩ ቤቶችም አሉ፤ ያ አሠራር በ100 ዘመን ይበቃ ነበር፣ ለጊጋቢት ግን አንዱን ሶኬት መተውና 8ቱንም ሽቦዎች በአንዱ ላይ መሰብሰብ ግድ ነው። ገመዱ በበር ሥር የሚያልፍ ከሆነ፣ በምስማር ወይም በስቴፕል ተመትቶ ከሆነ፣ ወይም ማዕዘን ላይ ሹል ሆኖ ከታጠፈ እነዚህን ቦታዎች በጣትዎ ይዳስሷቸው። 8 መብራት ያለው ርካሽ የገመድ መሞከሪያም ይረዳል፤ ነገር ግን ሽቦዎቹ መድረሳቸውን እንጂ የየጥንዳቸውን አጠማዘዝ ጠብቀው መግባታቸውን ስለማይነግርዎት 8ቱም መብራት በራ ማለት ገመዱ ለጊጋቢት ብቁ ነው ማለት አይደለም።

አዲስ ገመድ የሚዘረጉ ከሆነ ካት 5ኢ (Cat 5e) የሚባለው የገመድ ደረጃ እስከ 100 ሜትር ድረስ ለጊጋቢት በቂ ነው፤ ለወደፊቱ ካሰቡ ካት 6 ይዝርጉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ለዚህ ሥራ የሚጨምርልዎት ፍጥነት የለም። ከቁጥሩ ይልቅ ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑን ያረጋግጡ። በአሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ርካሽ ገመድ ቶሎ ይሰበራል፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙም ከፍ ያለ ነው፤ በግድግዳ ውስጥ ቀብረው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ ጸጸቱ ብዙ ነው።

ገመዱም ንጹሕ ሆኖ 100 ካሳየ፣ በመካከል የገባ አሮጌ ስዊች (አንዱን ገመድ ለብዙ መሣሪያዎች የሚያከፋፍል ሳጥን) መኖሩን፣ እንዲሁም በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ሴቲንግ ውስጥ ፍጥነቱ በእጅ 100 ላይ ተቆልፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ጊጋቢት በመዳብ ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች ራሳቸው ተደራድረው እንዲስማሙ ስለሚፈልግ ሴቲንጉ ሁልጊዜ «አውቶ» ላይ መሆን አለበት። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ የሚጠቀሙ ከሆነም የተሰካበትን ቀዳዳ ያረጋግጡ፤ ዩኤስቢ 2.0 በጠቅላላው 480 ሜጋቢት ብቻ ስለሆነ አስማሚው «ጊጋቢት» ቢባልም በተግባር ከ300 ብዙም አያልፍም።

ገመዱ ሲስተካከል 1000 ይጠብቁ ይሆናል፤ አይጠብቁ። የሚያገኙት 940 አካባቢ ነው፤ ይህም የጎደለ ሳይሆን ሙሉ ጊጋቢት ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ መረጃው የሚሄደው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው፤ አንድ ፓኬት ቢበዛ 1500 ባይት ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ 40ው ለአይፒና ለቲሲፒ አድራሻ፣ 12ቱ ብዙ ጊዜ ለሰዓት ምልክት ስለሚውል ለእርስዎ ፋይል የሚቀረው 1448 ነው። ፓኬቱ በሽቦው ላይ ሲሄድ ደግሞ ኤተርኔት ራሱ የመነሻ ምልክቱን፣ የመሣሪያ አድራሻውን፣ የስሕተት መፈተሻውንና በፓኬቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ 38 ባይት ስለሚያክል የሽቦው ጠቅላላ 1538 ይሆናል። 1448ን ለ1538 ሲያካፍሉ 94 በመቶ ከጥቂት ነገር፣ ማለትም ከ1000ው 941 ያገኛሉ። መስመርዎ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚከፈት ፒፒፒኦኢ ከሆነ በእያንዳንዱ ፓኬት ሌላ 8 ባይት ስለሚወሰድ ጣሪያው 936 ገደማ ነው። ፋይል ሲያወርዱ የሚታየው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ስለሆነና 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 941 ሜጋቢት በዚያ መስኮት ላይ 117 ተብሎ ይታያል። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት እንዲያማርር አድርጓል።

ገመዱ 1000 እያለ ፍጥነቱ ከ500 እስከ 800 ባለው መካከል ቢቀር ግን ተራው የራውተሩ ነው። በካርቶኑ ላይ «ጊጋቢት» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ፖርቶቹ፣ ማለትም ገመድ ስለሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ነው፤ ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን እያንዳንዱን ፓኬት አድራሻ ቀይሮ ወደ ውስጥ የማሳለፍ አቅሙን በተመለከተ ምንም አይልም። ሙሉ ጊጋቢት ማለት በሰከንድ ከ81,000 በላይ ሙሉ ፓኬቶች ናቸው። የቤት ራውተር ትንሽ ፕሮሰሰር ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ስለሚከብደው፣ አምራቾች ሥራውን ለዚሁ ለተዘጋጀ የቺፑ ክፍል ይሰጡታል፤ ይህ በሴቲንግ ውስጥ «ሃርድዌር ናት» (Hardware NAT) ወይም «ሃርድዌር አክስለሬሽን» በሚል ስም ይገኛል። ችግሩ ኪውኦኤስ (ለየትኛው ትራፊክ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስነው)፣ የልጆች ቁጥጥር ወይም እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያህል ዳታ እንደተጠቀመ የሚቆጥር አገልግሎት ሲከፈት በብዙ ራውተሮች ላይ ይህ አቋራጭ ይዘጋል፤ ፓኬቱ ሁሉ ተመልሶ ወደ ደካማው ፕሮሰሰር ይሄዳል። ስለዚህ እነዚህን አንድ በአንድ እየዘጉ በየመካከሉ ይለኩ። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ኪውኦኤስ ለጠባብ መስመር ትልቅ ጥቅም አለው፤ በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ግን በአብዛኛው ቤት የሚያመጣው ጥቅም ከሚወስደው ፍጥነት ያንሳል። ቪፒኤን (ትራፊክዎን መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) በራውተሩ ላይ ከተከፈተም ምስጠራው ብቻውን ፍጥነቱን በብዙ እጥፍ ሊያወርደው ይችላል።

የራውተሩን ጥፋት በእርግጠኝነት ለማወቅ ለጥቂት ደቂቃ ላፕቶፑን በቀጥታ ከፋይበር ሞደሙ ጋር አገናኝተው ይለኩ። የላፕቶፑ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን ያልተፈለገ ግንኙነት የሚከለክለው ፕሮግራም) ሥራ ላይ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ሞደሙንም አጥፍተው ያብሩት፣ አንዳንዱ ቀድሞ ያወቀውን መሣሪያ እስኪረሳ ድረስ አዲሱን አይቀበልምና። በቀጥታ 940፣ በራውተሩ በኩል ግን 600 ካገኙ ያን ጊዜ ራውተር መለወጥ ተገቢ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙ የፋይበር ሞደሞች 4 ፖርት ቢኖራቸውም ጊጋቢት የሆነው አንዱ ብቻ ነው፣ የቀሩት 100 ናቸው። በእርስዎ ቤት ስልኩ 410 ስላገኘ ራውተሩ የተሰካው በትክክለኛው ፖርት ነው፤ ነገር ግን ለመለካት ሲነቅሉትና ሲሰኩት ቦታውን እንዳይለውጡት ይጠንቀቁ።

ወደ ስልኩ 410 ስንመጣ፣ ይህ በአመዛኙ በሽታ አይደለም። ገመድ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የተሰጠ መንገድ ሲሆን መላክና መቀበልም በአንድ ጊዜ ይካሄድበታል፤ አየሩ ግን የሁሉም ነው፣ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚናገረው አንድ ብቻ ሲሆን ሌላው ይጠብቃል፤ የጎረቤትዎ ራውተር በዚያው ቻናል ላይ ከሆነ እርሱም ከተራ ጠባቂዎቹ ይቆጠራል። ሁለት አንቴና ያለው ስልክ በዋይፋይ 5 (አምስተኛው የዋይፋይ ትውልድ)፣ በ80 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት የሚመሠርተው የግንኙነት ፍጥነት 866 ሜጋቢት ነው፤ ከዚህ ውስጥ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በተግባር የሚያገኙት 500 እና 600 አካባቢ ሲሆን፣ አንድ ግድግዳ ሲገባበት ወደ 400 መውረዱ የሚጠበቅ ነው። በዋይፋይ 6 ያው ስፋት 1201 ይደርሳል፤ ስፋቱ ወደ 160 ሜጋኸርዝ ሲያድግ ደግሞ 2402 ስለሚሆን በቅርብ ርቀት ሙሉውን ጊጋቢት በአየር ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ግን ስልኩም 160ን መቀበል አለበት፤ ብዙ ስልኮች አይቀበሉም። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ይህን ያህል ስፋት የሚገኘው ራዳር የሚጠቀምባቸውን ቻናሎች ጨምሮ ስለሆነ፣ ራውተሩ ሲበራ ቢያንስ ለ60 ሰከንድ ካዳመጠ በኋላ ብቻ መላክ ይጀምራል፤ ራዳር ከሰማም ቻናሉን ለቅቆ ይሄዳል። ዋይፋዩ አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት የሚጠፋ ከመሰለዎት ይህን ያስታውሱ።

ራውተር ሲገዙ ካርቶኑ ላይ የሚያዩት «ኤኤክስ 3000» የሚል ቁጥርም የሁለት ባንዶች (የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች) ድምር ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 574 እና በ5 ጊጋኸርዝ 2402 ተደምረው የተጠጋጉ ናቸው። አንድ ስልክ በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ባንድ በመሆኑ ድምሩን አያገኘውም። ሲግናል ለማስፋት ሁለተኛ ራውተር ወይም ሜሽ (በየክፍሉ ተቀምጠው አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች) ቢጨምሩ ደግሞ፣ ሁለቱ በገመድ ካልተያያዙና በዚያው ባንድ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ከሆነ እያንዳንዱ ፓኬት አየሩን ሁለቴ ስለሚይዘው ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ከቦታው የማይነቃነቅ መሣሪያ ሁሉ፣ ዴስክቶፕ ይሁን ቴሌቪዥን ወይም የሜሽ ጣቢያ፣ በገመድ ይሁን፤ አየሩ ለስልኮች ይተውላቸው።

በመጨረሻ የመለኪያውን ነገር ላንሣ። መለኪያ ድረ ገጾች ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ከፍተው ይለካሉ፤ አንድ ፋይል ከአንድ ሩቅ ሰርቨር ሲያወርዱ ግን ግንኙነቱ አንድ ብቻ ነው። ፓኬት ደርሶ ማረጋገጫው እስኪመለስ 50 ሚሊሰከንድ በሚፈጅበት ርቀት ላይ ጊጋቢቱን ለመሙላት በማንኛውም ቅጽበት 6.25 ሜጋባይት ያህል በመንገድ ላይ መሆን አለበት፤ ላኪው ሰርቨር ይህን ያህል ቀድሞ ለመላክ ካልተዘጋጀ ቤትዎ ውስጥ የሚያስተካክሉት ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ሲለኩ ቅርብ ሰርቨር ይምረጡ፣ ቪፒኤን ይዝጉ፣ አንቲቫይረሱ የድር ትራፊክ የሚፈትሽ ከሆነ ለጊዜው ያቁሙት፤ ከማለዳውም ከምሽቱም ይለኩ። ጂፖን የሚባለው በስፋት የተለመደው የፋይበር አሠራር 2.488 ጊጋቢት ማውረጃ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ሊያካፍል ስለሚችል፣ ማለዳ 940 ሆኖ ምሽት 600 የሚሆን መስመር ችግሩ ከቤትዎ ውጭ ነው። ያን ጊዜ ለአገልግሎት ሰጪው «ቀርፋፋ ነው» ብለው አይደውሉ፤ «በገመድ በቀጥታ ከሞደሙ፣ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል፣ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል» ብለው ቁጥሩን ይስጡት። እንዲህ የቀረበን አቤቱታ በቀላሉ ገፍቶ መመለስ አይቻልም።

በእርስዎ ቤት ግን ዛሬውኑ የሚጀምሩት ከሥራ ክፍሉ ሶኬት ነው፤ ክዳኑን ሲከፍቱ ሰማያዊውንና ቡናማውን ጥንድ አስቀድመው ይመልከቱ። ያዩትን ከሊንክ ስፒዱ ጋር አድርገው ቢጽፉልኝ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።